ሴንሰሩ አለ፣ ንባቡ የለም፦ የጠፋ የከርነል ድራይቨር እንዴት ይፈለጋል?

ዛሬ በሥራ ላይ ባሉ ኮምፒውተሮች ሁሉ ውስጥ ማለት ይቻላል የማሽኑን ደኅንነት የሚከታተሉ ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ መለኪያዎች አሉ። ሴንሰር የሚባሉት እነዚህ መለኪያዎች የፕሮሰሰሩን ሙቀት፣ የማቀዝቀዣ ፋኖቹ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞሩና ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ቮልቴጅ ምን ያህል እንደሆነ ያለማቋረጥ ይለካሉ። ይሁን እንጂ ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ያለው ሰው የማሽኑን ሙቀት ለማየት ሲሞክር «ምንም ሴንሰር አልተገኘም» የሚል መልስ ወይም ከሚጠበቀው ግማሹ ብቻ የሰፈረበት ዝርዝር የሚያገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ማሽናቸው ሴንሰር የለውም፣ ወይም ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ፤ በአብዛኛው ግን ሴንሰሩ በቦታው ሆኖ ሥራውን እየሠራ ነው፤ የጎደለው ልኬቱን ከቺፑ ተቀብሎ የሚያቀርበው የከርነል ድራይቨር ነው።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ሲሆን፣ ፕሮግራሞች ሁሉ ከፕሮሰሰሩ፣ ከሚሞሪውና ከሌሎች የማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚገናኙት በእርሱ በኩል ነው። ድራይቨር ደግሞ በከርነሉና በአንድ የተወሰነ ቺፕ መካከል ቆሞ እንደ አስተርጓሚ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ አብዛኞቹ ድራይቨሮች «ሞጁል» በሚባል ራሱን በቻለ ፋይል ተዘጋጅተው ስለሚቀመጡ፣ ሲያስፈልጉ ወደ ከርነሉ ይጫናሉ፣ ሳያስፈልጉም ይወጣሉ። የድራይቨር መጥፋት እንግዲህ አንድ ወጥ ብልሽት ሳይሆን ብዙ የተለያዩ ምክንያቶች የሚጋሩት ምልክት ነው፤ ምክንያቱ ሳይለይ ያገኙትን መፍትሔ ሁሉ መሞከር ደግሞ ጊዜ ከማባከን አልፎ ማሽኑን እስከ መጉዳት ሊያደርስ ይችላል።

መለካቱ ለምን አስፈለገ

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኃይል በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ያ ሙቀት በወቅቱ ካልተወገደ ቺፑ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የተባለው የኮምፒውተር ሕትመት ይህን በቪዲዮ አሳይቶ ነበር፤ ፕሮሰሰሮች በሥራ ላይ እያሉ ሙቀታቸውን የሚወስደው ብረት ሲነሳባቸው፣ የኢንቴል ፔንቲየም 4 ፍጥነቱን ቀንሶ ራሱን ሲያተርፍ፣ በወቅቱ የነበረው የኤኤምዲ አትሎን ግን ጢስ አውጥቶ ተቃጥሏል። ልዩነቱን የፈጠረው በፔንቲየም 4 ውስጥ ሙቀቱን ለክቶ ፍጥነቱን የሚገታ ሥርዓት ተሠርቶ መገኘቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ራስን የመከላከል ሥርዓት በፕሮሰሰሮች ሁሉ የተለመደ ሆኗል።

ይህ ማለት ግን ተጠቃሚው ንባቡን ማየት አያስፈልገውም ማለት አይደለም። ራሱን የሚከላከል ፕሮሰሰር ሲሞቅ ሥራውን ያዘገያል እንጂ ለምን እንደዘገየ ለባለቤቱ አይነግርም። በአቧራ የታፈነ ፋን፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት፣ ወይም ቮልቴጁ መውረድ የጀመረ ፓወር ሰፕላይ መኖሩ ቀድሞ የሚታወቀው ከሴንሰሩ ንባብ ነው። ንባቡ ከሌለ የማሽኑ መዝገም በሶፍትዌር ይመካኝና ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ በከንቱ እንደገና እስከ መጫን ይደረሳል።

በከፍተኛ ቦታ ላይ በሚገኙ ከተሞች ጉዳዩ የበለጠ ይከብዳል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው ይልቅ በ20 በመቶ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ቢዞርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። የአሜሪካ የማሞቂያ፣ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር ለሰርቨር ክፍሎች ባወጣው መመሪያ፣ «ኤ2» በሚባለው ምድብ ላሉ ማሽኖች የተፈቀደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ ከ900 ሜትር ከፍታ በላይ ግን በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ እንዲቀነስ ያዛል። በዚህ ስሌት በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ጣሪያው ወደ 30 ዲግሪ ይወርዳል። በመሆኑም እንዲህ ባለ ቦታ ሰርቨር የሚያስተዳድር ባለሙያ ከአምራቹ ማኑዋል ይልቅ በሴንሰሩ ንባብ መመራት ይኖርበታል።

ልኬቱ የሚያልፍበት መንገድ

የአንድ ኮምፒውተር ሴንሰሮች በአንድ ቦታ የተሰበሰቡ አይደሉም። የመጀመሪያዎቹ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉት ሲሆኑ፣ የኢንቴልን «ኮርቴምፕ»፣ የኤኤምዲን ደግሞ «ኬ10ቴምፕ» የሚባሉ ድራይቨሮች ያነቧቸዋል። ሁለተኛዎቹ የሚገኙት «ሱፐር አይኦ» በሚባለውና በማዘርቦርዱ ላይ በተተከለው ቺፕ ውስጥ ነው። ይህን ቺፕ በብዛት የሚሠሩት ኑቮቶን፣ አይቲኢ እና ፊንቴክ የተባሉ የታይዋን ኩባንያዎች ሲሆኑ፣ የፋኖቹን ፍጥነትና የቮልቴጁን መጠን የሚለካው፣ በብዙ ማሽኖችም ፋኖቹን የሚቆጣጠረው እርሱ ነው። ለኑቮቶን ቺፖች «ኤንሲቲ6775»፣ ለአይቲኢ ቺፖች «አይቲ87» የሚባሉ ድራይቨሮች አሉ። ሦስተኛዎቹ በዲስኮች ውስጥ የተሠሩት ሲሆኑ፣ በላፕቶፖች ላይ ደግሞ የሱፐር አይኦውን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚያከናውነው «ኢምቤድድ ኮንትሮለር» የሚባል ሌላ ቺፕ ነው።

ድራይቨሩ ቺፑን ካገኘ በኋላ ልኬቱን «ሲስ» በተባለው ማውጫ ሥር፣ «ኤችደብሊውሞን» በሚል ስያሜ በተዘጋጀ ቦታ ላይ በተራ የጽሑፍ ፋይል መልክ ያስቀምጣል። ለእያንዳንዱ ቺፕ አንድ ንዑስ ማውጫ ይኖራል፤ በውስጡም «ኔም» የሚባለው ፋይል የቺፑን ወይም የድራይቨሩን ስም ይይዛል፤ «ቴምፕ1-ኢንፑት» በመሰለ ስም የተቀመጠው ደግሞ ሙቀቱን በዲግሪ አንድ ሺኛ ይነግራል፤ ስለዚህ በፋይሉ ውስጥ 47000 የሚል ቁጥር ቢገኝ ሙቀቱ 47 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው ማለት ነው። ቮልቴጅ በቮልት አንድ ሺኛ፣ የፋን ፍጥነት ደግሞ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ብዛት ይሰፍራል። ከዚህ በላይ ያሉት ፕሮግራሞች፣ ማለትም «ኤልኤም-ሴንሰርስ» የተባለው ጥቅልና በስክሪን ላይ ግራፍ የሚያሳዩት ሁሉ፣ ዋና ሥራቸው እነዚህን ፋይሎች አንብቦ ማሳየት ነው።

ይህን መንገድ ማወቅ የመጀመሪያውን የምርመራ ጥያቄ ይመልሳል። ግራፍ የሚያሳየው ፕሮግራም ባዶ ሲሆን በቅድሚያ መታየት ያለበት ይኸው ማውጫ ነው፤ ፋይሎቹ በውስጡ ካሉና ቁጥር ከያዙ ድራይቨሩ አልጠፋም፣ ስሕተቱም ያለው ከላይ ባለው ፕሮግራም ወይም በአወቃቀሩ ላይ ነው። ማውጫው ባዶ ከሆነ ወይም የሚፈለገው ቺፕ ስም በየትኛውም የ«ኔም» ፋይል ውስጥ ከሌለ ግን ፍለጋው ወደ ከርነሉ መውረድ አለበት። ይህች አጭር ፍተሻ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትወስድም፤ ያለ ምክንያት ድራይቨር ከማሳደድ ግን ታድናለች።

ራሱን የማያስተዋውቅ ቺፕ

አንድ ሰው ፍላሽ ዲስክ ሲሰካ ከርነሉ ወዲያው የሚያውቀው ለምን እንደሆነና የማዘርቦርዱን ሴንሰር ግን ለምን ሳያውቅ እንደሚቀር መጠየቅ ተገቢ ነው። በዩኤስቢና በፒሲአይ መስመሮች የሚገናኙ መሣሪያዎች በደረጃው መሠረት የአምራቻቸውንና የራሳቸውን መለያ ቁጥር ይዘው ስለሚቀርቡ፣ ከርነሉ ቁጥሩን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ ተገቢውን ሞጁል በራሱ ይጭናል። ሱፐር አይኦ ቺፖችና ኤስኤምበስ በሚባለው ዘገምተኛ መስመር ላይ የተሰኩ ሴንሰሮች ግን ይህ ወግ የላቸውም፤ ካልተጠየቁ አይናገሩም፣ የሚጠየቁበትም መንገድ ከአምራች አምራች ይለያያል። ለምሳሌ የዊንቦንድ ኩባንያና ከእርሱ የተወለደው የኑቮቶን ቺፖች መለያቸውን የሚያሳዩት በተወሰነ አድራሻ ላይ በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር 87 የሚለው ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተጻፈላቸው በኋላ ሲሆን፣ የአይቲኢ ቺፖች ሌላ የቁጥር ቅደም ተከተል ይፈልጋሉ። ናሽናል ሴሚኮንዳክተር የሠራውና በብዙዎች ዘንድ የተለመደው «ኤልኤም75» የሙቀት ሴንሰር ደግሞ ጭራሽ መለያ ቁጥር የሚይዝበት ቦታ አልተሠራለትም፤ ማንነቱ የሚገመተው ከባሕርዩ ብቻ ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት «ሴንሰርስ-ዲቴክት» የሚባል ፕሮግራም ከኤልኤም-ሴንሰርስ ጋር አብሮ ይቀርባል። ፕሮግራሙ በኮምፒውተሩ ላይ ሊኖሩ የሚችሉ ቺፖችን አንድ በአንድ እየጠየቀ፣ ያገኛቸውንም ሊያነቡ የሚችሉትን ድራይቨሮች ስም ይዘረዝራል። በየደረጃው የሚያቀርባቸው ጥያቄዎች አስቀድሞ የተመረጠ መልስ አላቸው፤ ያ መልስ ለደኅንነት ታስቦ የተመረጠ ስለሆነ፣ የሚያደርገውን በትክክል የማያውቅ ተጠቃሚ ሊለውጠው አይገባም። ዝርዝሩ ላይ ከቺፑ ስም አጠገብ ድራይቨሩ ገና እንዳልተጻፈ የሚገልጽ ማስታወሻ ከተገኘ ደግሞ፣ ሞጁል መፈለጉን ትቶ በመጨረሻ ወደሚብራራው ጉዳይ መሄድ ይሻላል።

የስሕተት መልእክቱ ምን ይላል?

የድራይቨሩ ስም ከታወቀ በኋላ «ሞድፕሮብ» በሚባለው ትእዛዝ እንዲጫን ይደረጋል። ሳይሳካ ሲቀር የሚወጣው የእንግሊዝኛ መልእክት አጭር ቢሆንም ምክንያቱን የሚለየው እርሱ ነው፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ግን «አልሠራም» ከማለት በቀር መልእክቱን አያነቡትም። በብዛት የሚያጋጥሙት አራት ናቸው።

የመጀመሪያው ሞጁሉ በማውጫው ውስጥ እንዳልተገኘ የሚገልጸው ነው። ይህ ማለት ቺፑ ገና አልተጠየቀም፤ ፋይሉ ራሱ የለም። ከምክንያቶቹ ሁሉ ቀላሉ፣ ከርነሉ ታድሶ ማሽኑ ግን ጠፍቶ አለመነሳቱ ነው፤ አንዳንድ የሊኑክስ ስርጭቶች አዲሱን ከርነል ሲጭኑ የቀድሞውን ሞጁሎች ስለሚያነሱ፣ በሥራ ላይ ያለው አሮጌ ከርነል የራሱን ሞጁሎች ፈልጎ ያጣል። «ዩኔም» የሚባለው ትእዛዝ የሚያሳየው የከርነል ቁጥርና በሞጁሎች ማውጫ ውስጥ ያለው ቁጥር የማይመሳሰሉ ከሆነ ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ይበቃል። ቁጥሮቹ ከተመሳሰሉ፣ ስርጭቱ ተጨማሪ ሞጁሎችን በተለየ ጥቅል የሚያቀርብ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ካልተገኘ ከርነሉ ለድራይቨሩ የቆየ ሳይሆን አይቀርም። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የዲስክ ሙቀት ነው፤ የኤንቪኤምኢ ዲስኮችን ሙቀት በኤችደብሊውሞን በኩል ማሳየት የተጀመረው በከርነል 5.5፣ የሳታ ዲስኮችን ሙቀት የሚያነበው «ድራይቭቴምፕ» የመጣው ደግሞ በከርነል 5.6 ሲሆን፣ ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከዚያ በቆየ ከርነል ላይ ይህን ሞጁል መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ በአዲሱ ከርነል ላይም ቢሆን ድራይቭቴምፕ በራሱ የማይጫን በመሆኑ፣ በአንድ ማሽን ላይ የኤንቪኤምኢው ዲስክ ሙቀት እየታየ የሳታው ሲጠፋ ተጠቃሚው ሞጁሉን በትእዛዝ መጫን ይኖርበታል።

ሁለተኛው እንዲህ ያለ መሣሪያ የለም የሚለው ነው። እዚህ ላይ ድራይቨሩ ተጭኖ ቺፑን ፈልጓል፣ የሚያውቀውን ግን አላገኘም። ለኑቮቶን የተጻፈ ድራይቨር የአይቲኢ ቺፕ ባለበት ማዘርቦርድ ላይ ሲሞከር የሚመጣው መልስ ይህ ነው፤ ቺፑ ከድራይቨሩ በኋላ የተሠራ አዲስ ሞዴል ሲሆንም እንዲሁ። ኮምፒውተሩ ቨርቹዋል ማሽን ከሆነ፣ ማለትም በአንድ ትልቅ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የተፈጠረ ከሆነ፣ መልሱ እውነት ነው፤ ሴንሰሮቹ ያሉት በአስተናጋጁ ማሽን ላይ እንጂ በውስጡ በተፈጠረው ላይ አይደለም። የኪራይ ክላውድ ሰርቨር ላይ የሙቀት ድራይቨር የሚፈልግ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ሦስተኛው መሣሪያው ተይዟል የሚለው ሲሆን፣ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው። «ኤሲፒአይ» የሚባለው ሥርዓት የማዘርቦርዱ ፈርምዌር፣ ማለትም በተለምዶ ባዮስ የሚባለው በቦርዱ ላይ የተቀመጠ ሶፍትዌር፣ ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር የሚግባባበት ነው። ፈርምዌሩ የሱፐር አይኦ ቺፑን አድራሻ ለራሱ ጥቅም አስመዝግቦ ከሆነ፣ ከርነሉ ሁለት አካላት በአንድ ጊዜ አንድን ቺፕ እንዳይነካኩ ሲል ድራይቨሩን ይከለክላል። አንዳንድ ድራይቨሮች በዚህ ጊዜም ቢሆን መሣሪያ የለም የሚለውን መልስ ስለሚሰጡ፣ በመልእክቱ ብቻ ሳይወሰኑ «ዲሜሴጅ» በሚባለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ማየት ይገባል፤ የአድራሻው ግጭት በመዝገቡ ላይ በግልጽ ሰፍሮ ይገኛል።

አራተኛው የፊርማ ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም የሚለው ነው። «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው መከላከያ በተከፈተበት ማሽን ላይ ከርነሉ በታወቀ ቁልፍ ያልተፈረመ ሞጁል አይቀበልም። ይህ የሚያጋጥመው ከስርጭቱ ጋር ያልመጣ፣ ተጠቃሚው ከውጭ አምጥቶ ያዘጋጀው ድራይቨር ሲሆን ነው። መፍትሔውም መከላከያውን ማጥፋት ሳይሆን ሞጁሉን በራስ ቁልፍ ፈርሞ ቁልፉን በማሽኑ ላይ ማስመዝገብ ነው፤ የሙቀት ንባብ ለማግኘት ሲባል የማሽኑን የደኅንነት በር መክፈት ተመጣጣኝ ልውውጥ አይደለም።

በግድ መክፈትና መዘዙ

ሦስተኛው ችግር ያጋጠመው ሰው መፍትሔ ሲፈልግ ቶሎ የሚደርሰው ከርነሉ የኤሲፒአይን ክልከላ እንዲያላላ በማስነሻው ላይ አንድ ትእዛዝ እንዲጨምር በሚመክር ሐሳብ ላይ ነው። ምክሩ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ይህም አደገኛ ያደርገዋል። ፈርምዌሩ በዚያው ቅጽበት ቺፑን እያነበበ ከሆነ የሁለቱ ጥያቄዎች ይደባለቃሉ፤ ውጤቱም የተሳሳተ ንባብ፣ አልፎ ተርፎም ፋኑን በተሳሳተ ፍጥነት ማዞር ሊሆን ይችላል። ከዚህ በፊት ሊታይ የሚገባው ለዚያ ማዘርቦርድ በፈርምዌሩ በኩል የሚያልፍ ሕጋዊ መንገድ መኖሩ ነው፤ ለምሳሌ ኤንሲቲ6775 ለብዙ የአሱስ ማዘርቦርዶች ቺፑን በቀጥታ ከመንካት ይልቅ በፈርምዌሩ አማካይነት የሚያነብበት መንገድ በኋለኞቹ ከርነሎች ተጨምሮለታል። አዲስ ከርነል መጫን ክልከላውን ከማላላት የተሻለ መፍትሔ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቺፕን በግምት መነካካት ምን ሊያስከትል እንደሚችል በታሪክ ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በነበሩ አንዳንድ የአይቢኤም ቲንክፓድ ላፕቶፖች ላይ፣ ሴንሰር ፍለጋ በኤስኤምበስ መስመር ላይ ይላክ የነበረው ምንም ጉዳት የሌለው የሚመስል ጥያቄ፣ የማሽኑን መለያና የይለፍ መረጃ የያዘውን «24አርኤፍ08» የተባለ የአትሜል የማስታወሻ ቺፕ ያበላሽ ነበር። ማሽኑም በሚቀጥለው ጊዜ ሲነሳ የስሕተት መልእክት አሳይቶ ይቆም ነበር፤ ተጠቃሚውም በራሱ ሊያድነው አይችልም ነበር። የኤልኤም-ሴንሰርስ አዘጋጆች ይህ ሲታወቅ በእነዚህ ማሽኖች ላይ ፍለጋው እንዲቆም አደረጉ፤ በከርነሉ ውስጥ ያለው የመስመሩ ድራይቨርም በአይቢኤም ማሽን ላይ መሆኑን ሲያውቅ አልጫንም እንዲል ተደረገ። ዛሬ ሴንሰርስ-ዲቴክት ከመጠየቁ በፊት የሚያስጠነቅቀው ከዚህ ዓይነቱ ልምድ ተምሮ ነው፤ ማስጠንቀቂያውንም በቁም ነገር መያዝ ተገቢ ነው።

ለድራይቨሩ የሐሰት መለያ ቁጥር ሰጥቶ የማያውቀውን ቺፕ እንደሚያውቀው አድርጎ እንዲቀበል ማስገደድም ከዚህ የተለየ አይደለም። የሁለቱ ቺፖች አሠራር ተመሳሳይ ከሆነ ይሳካል፤ ካልሆነ ግን ድራይቨሩ የፋን ፍጥነት መስሎት የሚጽፈው ቁጥር ሌላ ነገር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን የሚሞክር ሰው ንባብን ብቻ ቢያይና ፋን የመቆጣጠሩን ሥራ ባይነካ ጉዳቱን ይቀንሳል።

የመጣው ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም

ድራይቨሩ ተገኝቶ ንባቡ መታየት ሲጀምር ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥር ከቁጥር አለመኖር ይልቅ የከፋ ነው፤ ቁጥር የሌለው ሰው ይጠነቀቃል፣ የተሳሳተ ቁጥር ያለው ግን ይተማመናል። በሱፐር አይኦ ዝርዝር ላይ አንድ ሙቀት ሁልጊዜ 127 ዲግሪ ወይም ከዜሮ በታች የሆነ እንግዳ ቁጥር ካሳየ፣ በቺፑ ላይ ያ መግቢያ አለ፣ ከሴንሰር ጋር ግን አልተገናኘም ማለት ነው፤ የማዘርቦርዱ ሠሪ ሁሉንም መግቢያዎች የመጠቀም ግዴታ የለበትም። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበትና ሲያርፍ ቁጥሩ ይለዋወጥ እንደሆነ ማየት እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ነው።

በቮልቴጅም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቺፑ 12 ቮልት በቀጥታ መለካት ስለማይችል፣ የማዘርቦርዱ ሠሪ በሬዚስተሮች አማካይነት ቮልቴጁን ዝቅ አድርጎ ያስገባዋል። ወደ አንድ አሥራ ሁለተኛ ከተቀነሰ ዝርዝሩ ላይ የሚታየው አንድ ቮልት ነው፤ ተጠቃሚውም ፓወር ሰፕላዩ ሞቷል ብሎ ሊደነግጥ ይችላል። ድራይቨሩ ስለ ቦርዱ ሬዚስተሮች የሚያውቀው ነገር ስለሌለ፣ ትክክለኛው ማባዣ በኤልኤም-ሴንሰርስ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ለእያንዳንዱ መግቢያ ስም መስጠትና ያልተገናኙትን መደበቅም እዚያው ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ቁጥሩ ሆን ተብሎ ከእውነቱ ከፍ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጡት የኤኤምዲ ራይዘን 7 1700ኤክስ እና 1800ኤክስ ፕሮሰሰሮች ለፋን መቆጣጠሪያ ተብሎ የሚያወጡት ንባብ ከእውነተኛው ሙቀት 20 ዲግሪ የሚበልጥ ነበር፤ ኩባንያው ይህን ያደረገው የተለያዩ ሞዴሎች ተመሳሳይ የፋን አሠራር እንዲኖራቸው ነው። የከርነሉ ድራይቨር ይህን እስኪያውቅ ድረስ ብዙ ባለቤቶች ማሽናቸው ከሚገባው በላይ የሚሞቅ መስሏቸው ነበር። በኢንቴል በኩልም ሴንሰሩ የሚለካው ሙቀቱ ከተፈቀደው ጣሪያ ምን ያህል እንደራቀ ሲሆን፣ ድራይቨሩ ያንን ከጣሪያው ላይ ቀንሶ ሙቀቱን ያሰላል፤ የጣሪያው ቁጥር ከተሳሳተ ስሌቱም አብሮ ይሳሳታል።

ፋኖችን በራሱ ስሌት የሚያዞር ፕሮግራም የሚጠቀም ሰው ሊረሳው የማይገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ከርነሉ ለቺፖቹ የሚሰጠው ተራ ቁጥር ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ትናንት ቁጥር 2 የነበረው ቺፕ ዛሬ ቁጥር 3 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማስተካከያው በተራ ቁጥሩ ሳይሆን በቺፑ ስም ላይ መመሥረት ይኖርበታል፤ አለዚያ ፋኑ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ትቶ የዲስኩን ተከትሎ ይዞራል።

ድራይቨሩ ገና ሳይጻፍ ሲቀር

ሁሉም ተሞክሮ፣ ቺፑ ታውቆ፣ ከርነሉም አዲስ ሆኖ ድራይቨር የማይገኝበት ጊዜ አለ። የዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ቴክኒካዊ አይደለም፤ አንዳንድ ቺፕ አምራቾች የቺፑን አሠራር የሚገልጸውን ሰነድ ለሕዝብ ስለማያወጡ፣ ድራይቨሩን የሚጽፉት ሰዎች የቺፑን ባሕርይ በሙከራ ማወቅ ግድ ይሆንባቸዋል። በሊኑክስ የሴንሰር ድራይቨሮችን ያቆዩልን እንደ ዣን ዴልቫርና ጉንተር ሮክ ያሉ፣ የእያንዳንዱን ማዘርቦርድ ጠባይ በትዕግሥት የመረመሩ ገንቢዎችና መረጃ የላኩላቸው በርካታ ተጠቃሚዎች ናቸው። ማንኛውም ሰው ዛሬ ያለ ክፍያ የሚያነበው የሙቀት ቁጥር የእነዚህ ሰዎች ልፋት ውጤት ነው።

በዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ ተጠቃሚ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ወደ ዋናው ከርነል ያልገባ፣ ነገር ግን ገንቢዎች ለብቻው የሚያቀርቡት ድራይቨር ካለ እርሱን መጫን ነው። እንዲህ ያለው ሞጁል ከርነሉ በታደሰ ቁጥር እንደገና መዘጋጀት ስላለበት፣ ዴል እ.ኤ.አ. በ2003 የሠራውና ዛሬ በሁሉም ስርጭቶች ማለት ይቻላል የሚገኘው «ዲኬኤምኤስ» ይህን ሥራ በራሱ እንዲያከናውን ማድረግ ይቻላል። ያ ካልሆነ ንባቡ በእያንዳንዱ የከርነል እድሳት እየጠፋ ያስቸግራል።

ሁለተኛው መንገድ ግን ለሌሎችም የሚተርፈው ነው፤ እርሱም ችግሩን ለገንቢዎቹ በሚጠቅም መልኩ ማሳወቅ ነው። የማዘርቦርዱ ሙሉ ስምና የባዮሱ ቁጥር፣ የከርነሉ ቁጥር፣ ሴንሰርስ-ዲቴክት ያወጣው ዝርዝር በሙሉ፣ ሞጁሉ ሲጫን የወጣው መልእክትና የከርነሉ መዝገብ ተሟልተው ሲቀርቡ፣ ማሽኑን አይቶት የማያውቅ ሰው በሌላ አህጉር ተቀምጦ ምክንያቱን ሊለይ ይችላል፤ በባዮሱ ገጽ ላይ የሚታየው ሙቀትና ቮልቴጅ ከዚያ ጋር ሲታከል ደግሞ ትክክለኛውን ማባዣ ማወቅ ይቻላል። «ሴንሰሬ አይሠራም» የሚል አንድ መስመር ማንንም አይረዳም፤ ከላይ የተዘረዘረው መረጃ ግን በብዙ ሁኔታ በድራይቨሩ ላይ አንድ መለያ ቁጥር ለመጨመር በቂ ሆኖ ይገኛል። ያ ቁጥር ከገባ በኋላ በሚወጣው ከርነል፣ ያንኑ ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ሁሉ በየትም አገር ይኑር የማሽኑን ሙቀት ያለ ድካም ያነባል። ስለዚህ ባዶ ዝርዝር ያጋጠመው ሰው በግምት ትእዛዝ ከመደርደር ይልቅ ሰንሰለቱ የተበጠሰበትን ቦታ በሥርዓት ቢፈልግ፣ ለራሱ ማሽን መፍትሔ ባያገኝ እንኳ ለሌሎች መፍትሔ የሚሆን ማስረጃ ይዞ ይወጣል።